«ገና በሐምሌ»ን በአማርኛ ሰብታይትል ለማሳየት፦ የቡናው መሪ ቃል እንዴት ይተርጎም?

የአራት ኪሎ ፊልም ምሽት፦

ጤና ይስጥልን። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የሰፈር አዳራሽ በሐምሌ ወር የቆየ የሆሊውድ ፊልም ለማሳየት እየተዘጋጀን ነው። የመረጥነው ፕሬስተን ስተርጅስ ጽፎ ያዘጋጀውን «ክሪስማስ ኢን ጁላይ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ 67 ደቂቃ ብቻ። ላላያችሁት፦ ጂሚ የሚባል የአንድ ቡና ኩባንያ ተራ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሌላ ቡና ኩባንያ ባወጣው የማስታወቂያ ውድድር ላይ መሪ ቃል ጽፎ ይልካል፤ ሽልማቱ 25,000 ዶላር ነው። ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ለጨዋታ ብለው «አሸንፈሃል» የሚል የውሸት ቴሌግራም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለታል። እሱ ያምናል፣ አለቃው ያምናል፣ ሸላሚው ራሱ አምኖ ቼኩን ይፈርምለታል። ከእጮኛው ከቤቲ ጋር ገበያ ወጥተው ለእናቱም ለጎረቤቱም ዕቃ ይገዛሉ። ከዚያ እውነቱ ይመጣል።

ትርጉሙ ገና ረቂቅ ነው። ያቃተን መሪ ቃሉ ነው፤ በእንግሊዝኛው «በንክ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል ጠባብ አልጋ፣ በሌላ በኩል ከንቱ ወሬ ማለት ስለሆነ ቀልዱ በሁለቱ መካከል ነው የተንጠለጠለው። ሁለተኛ፣ የሞከርነውን ሰብታይትል በቪኤልሲ (የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም) ስንከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ፤ አንዳንዱ መስመር ደግሞ ጭራሽ አይወጣም። ሦስተኛ፣ ሰዎቹ በጣም ፈጥነው ስለሚያወሩ ጽሑፉ ሳይነበብ ያልፋል። አዳራሹ 9 ሜትር በ6 ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ 50፤ ፕሮጀክተሩ 3,000 ሉመን፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10። ስለ አዳራሹም የምታውቁትን ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ሰምና ወርቅ፦

ከመሪ ቃሉ ልጀምር፤ ፊልሙ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ሌሊት እንቅልፍ ካጣህ ቡናው አይደለም፣ አልጋው ነው» ይሆናል። እንዲህ ብታስቀምጡት ተመልካቹ ወዲያው ይገባዋል፣ ፊልሙም እዚያው ይበላሻል። በፊልሙ ውስጥ መሪ ቃሉን የሰማ ሰው ሁሉ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ጂሚ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይፈታለታል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ የአማርኛው መሪ ቃል መጀመሪያ ግር ማሰኘት፣ ሲፈታ ደግሞ እውነትም ሁለት መንገድ መሄድ አለበት። በቋንቋችን ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለን፤ ኅብረ ቃል። እኔ የምለው «መደብ» ነው፦

ሌሊት እንቅልፍ ካጣህ ቡናው አይደለም፣
መደቡ ነው።

ሰሙ የጭቃ መደብ ነው፤ ጎን የሚቆረቁር መኝታ። ወርቁ የሰው መደብ ነው፤ ድህነቱ። ጂሚ ከእናቱ ጋር በጠባብ ቤት የሚኖር፣ ለማግባት ገንዘብ ያጠረው ልጅ ስለሆነ ወርቁ ከታሪኩ ጋር ይገጥማል። «ተደራራቢ አልጋ» የሚለውን አታስቡት፤ ትክክለኛ ነው ግን አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው። አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ መሪ ቃሉ በመጣ ቁጥር አንዲት ፊደል ሳይለወጥ ይደገም፤ መስመሩም ሁልጊዜ «አይደለም» ላይ ይሰበር፣ «መደቡ ነው» ብቻውን ከታች ይቁም። ተመልካቹ በሦስተኛው ጊዜ ሳያነበው ሊያውቀው ይገባል።

አሁን ከመሪ ቃሉ እኩል የማየው ነገር፦ አንተና እርስዎ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው፤ እኛ ግን ገንዘብ ሰውን እንዴት እንደሚያስከብር በግሡ ላይ እናሳያለን። አለቃው ሚስተር ባክስተር መጀመሪያ ላይ ጂሚን «አንተ» ይበለው፣ «ና»፣ «ተቀመጥ»። ማሸነፉን ከሰማ በኋላ ግን «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «እንዴት አሰቡት?» ይሁን። ለውጡን ቀስ በቀስ አታምጡት፤ በአንድ ሰብታይትልና በቀጣዩ መካከል ይገልበጥ። ማሸነፉ ውሸት መሆኑ ሲታወቅ «እርስዎ» እንዳመጣጡ ይመለሳል፤ ያኔ ተመልካቹ ምንም ማብራሪያ ሳይፈልግ ጂሚ ምን እንዳጣ ያውቃል። ሽልማቱን የሚከፍለው ዶክተር ማክስፎርድም እንዲሁ፤ ቼክ ሲሰጥ «እርስዎ»፣ ቼኩን ሲያሳድድ «አንተ ሌባ»።

የማይለወጥ አንድ ሰው ይኑር፤ የቢሮው ኃላፊ ሚስተር ዋተርበሪ። እሱ ከመጀመሪያውም ጂሚን «አንተ» ይበለው፣ «ልጄ» እያለ። ጂሚን በሥራ ሰዓት ሲፈዝ አግኝቶ የሚነግረው ረጅም ንግግር የፊልሙ ልብ ነው፤ እሱም ድሮ ስለ 25,000 ዶላር ያስብ እንደነበር፣ ሕዝቡ ሁሉ ወድቆ ከሁለት መቶ ሰው አንዱ ብቻ የሚያልፍለት ሥርዓት ልክ ሊሆን እንደማይችል ይነግረዋል። እዚህ ላይ «ስኬታማ» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ፤ የሥልጠና ወረቀት ይሸታል። በአማርኛ አንድ ሰው ሲያልፍለት «ሰው ሆነ» ነው የሚባለው። ዋተርበሪ «ሰው አልሆንኩም ብዬ አስብ ነበር፤ ሰው ሆኛለሁ» ቢል ይበቃዋል። ንግግሩን አታሳጥሩት፤ ሰውየው ረጋ ብሎ ስለሚናገር ለማንበብም ጊዜ ይሰጣል።

ጥቂት ቃላት፦ «ቴሌግራም» ብላችሁ ከጻፋችሁ አዳራሹ ውስጥ ያለው ወጣት ሁሉ ስልኩ ላይ ያለውን ነው የሚያስበው። ሰዎቹ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ወረቀት ይዘዋል። መጀመሪያ ሲጠራ «የቴሌግራፍ መልእክት» በሉ፣ ከዚያ ወዲያ «ወረቀቱ» ይበቃል። «መፈክር» ለማስታወቂያ አይሆንም፣ ሰልፍ ያመጣል፤ «መሪ ቃል» ይሻላል። ውድድሩን «ዕጣ» ወይም «ሎተሪ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሎተሪ ዕድል ብቻ ነው፤ ጂሚን የሚያሳስበው ግን ያሰበው ሐሳብ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው፤ አለቃውም ክብር የሰጠው «ጭንቅላት አለው» ብሎ ነው። ፊልሙ ውስጥ ስለምትታየው ጥቁር ድመት ሲጠይቁ «ዕድል» ሳይሆን «ገድ» በሉ፤ «መልካም ገድ ነው ክፉ?» ቢባል የሰፈር ሰው የሚለው ነው።

ርዕሱ «ገና በሐምሌ» ይሁን፤ ሳይጠበቅ፣ ያለ ወራቱ የመጣ ስጦታ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ገና ስጦታ የሚሰጣጡበት ቀን መሆኑን መግቢያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሐምሌ ግን የእኛ ሐምሌ አይደለም፤ ኒውዮርክ በጁላይ ትጋላለች። ወቅት የሚነሣበት ቦታ ካለ «ክረምት» አትበሉ፣ «የሙቀት ወራት» በሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦

ሳጥን፣ የተደበላለቀ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየብቻ ነው።

ባዶ ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ቪኤልሲ መጀመሪያ ሲጫን የሚመርጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። «ቱልስ» ከዚያ «ፕሪፈረንስስ» ከዚያ «ሰብታይትልስ» ግቡ፣ ፎንቱን ወደ ኢብሪማ ቀይሩ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ የሚመጣ ነው። ኒያላ በዊንዶውስ 10 እንደ ተጨማሪ ካልተጫነ አይገኝም፤ ቢገኝም መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ ይጠፋል። ከሁሉም የምመርጠው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ ከፊል ደማቅ የሆነውን ውፍረት ውሰዱ። ከጫናችሁ በኋላ ቪኤልሲን ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ያለዚያ አዲሱን ፎንት አያየውም።

የተደበላለቀ ላቲን ከሆነ ፋይሉ የተነበበው በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ስልት) ነው፤ እዚያው ገጽ ላይ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። ወይም ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው መለኪያ) በፊት በነበረ የአማርኛ ፎንት ነው፤ እነዚያ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ነበር ለፊደላችን የሚጠቀሙት፣ ስለዚህ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ አይነበብም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን አዝናለሁ፤ አንድ ሰው በኖትፓድ «አንሲ» ብሎ አስቀምጦታል፣ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም። ስታስቀምጡ ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ከታች እዩ፤ የየቀኑንም ቅጂ በሌላ ስም ያዙ።

ጭራሽ የማይወጣው መስመር የኪቦርድ ጣጣ ነው። ሰብታይትሉ በሚቀመጥበት የኤስአርቲ ፋይል ሰዓቱ 00:12:40,500 ተብሎ በተራ ሁለት ነጥብና በተራ ኮማ ነው የሚጻፈው። የአማርኛ ኪቦርድ ክፍት ሆኖ ሰዓቱን ካስተካከላችሁ ሁለት ነጥቡ ፡ ይሆናል፣ ኮማው ፣ ይሆናል። በዓይን አንድ ይመስላል፤ ማጫወቻው ግን አያውቀውም፣ ያንን ሰብታይትል ዘሎ ያልፋል። ሰዓት ስትነኩ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ከዚያ የሚሻለው ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም መሥራት ነው፤ ነፃ ነው፣ ሰዓቱን በራሱ ሳጥን ስለሚይዝ ስሕተቱ አይፈጠርም።

ፍጥነቱ። በላቲን ፊደል የተለመደው ልክ በአንድ መስመር 42 ፊደል ነው፤ ያንን ለአማርኛ አትውሰዱ። አንድ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ መስመሩ አጭር ይሁን፤ ክፍት ቦታና ምልክት ጨምሮ ከ26 አይበልጥ፣ ከሁለት መስመር በላይ አይኑር። ለንባብ በሰከንድ 10 ፊደል ያዙ። «ሌሊት እንቅልፍ ካጣህ ቡናው አይደለም፣» ልክ 24 ነው፤ ከታችኛው መስመር ጋር 32 ገደማ ይሆናል፣ ማለት 3.2 ሰከንድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሲሰማ 4 ሰከንድ ስጡት፤ በኋላ ግን 2.5 ይበቃዋል፣ ሰው ለምዶታል። ማንኛውም ሰብታይትል ከ1 ሰከንድ አይነስ፣ ከ6 አይብለጥ፤ በሁለት ሰብታይትሎች መካከል ደግሞ የሁለት ፍሬም (የሁለት ነጠላ የፊልም ሥዕል) ክፍተት ይኑር፣ ያለዚያ ዓይን መቀየሩን አያይም።

ስተርጅስ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ያስጮኻል። ሁሉንም ለመተርጎም አትሞክሩ። ካሜራው የያዘውን ሰው ተርጉሙ፣ የሌላው ድምፅ ብቻ ይበቃል። ሁለት ሰው የግድ ከሆነ በየመስመሩ መጀመሪያ ሰረዝ። ሌላው አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማምጣቱ ነው፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር በሁለት ሰብታይትል ሲከፈል አንባቢው «አደረገ» ይሁን «አላደረገም» ሳያውቅ ይንጠለጠላል፣ ተዋናዩ ደግሞ ምላሹን ፊቱ ላይ አስቀድሞ ያሳያል። መፍትሔው መቁረጥ ነው። አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር የየራሳቸው ግሥ ያላቸው ሁለት አጫጭር አድርጉት። እናንተ ስትረቅቁ «ሽልማቱን ያሸነፍኩት መሆኔን የሚገልጸው ወረቀት ደርሶኛል» ካላችሁ «ወረቀት መጣልኝ፤ አሸንፌአለሁ» በሉ።

ቀለሙን ነጭ አታድርጉት። ፊልሙ በነጭ ሸሚዝና በነጭ ወረቀት የተሞላ ነው። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ በጥቁር ጠርዝ። ጠርዙ ግን አይወፍር፤ በቡ እና በቢ፣ በጨ እና በጭ መካከል ያለችው ትንሽ ቅጥያ ተደፍና ትቀራለች። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ «ቋ»ን እና «ቀ»ን መለየት ካልቻላችሁ ጠርዙን ቀንሱ፣ ፊደሉን አተልቁ።

የጥንት ፊልም ወዳጅ፦

የእህታችን የሰምና ወርቅ «መደብ» ውብ ነው፤ ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል። ጂሚ መሪ ቃሉን ሲያስረዳ ቡና እንቅልፍ አይነሣም፣ እንዲያውም ያስተኛል ይላል፤ ይነሣል የሚለው ወሬ «በንክ» ነው ማለቱ ነው። «መደብ» ይህን ፍቺ አይሸከምም። ስለዚህ እኔ «ቅዠት»ን አቀርባለሁ፦ «ሌሊት እንቅልፍ ካጣህ ቡናው አይደለም፣ ቅዠቱ ነው»። ቅዠት ሌሊት የሚያባንን ሕልም ነው፤ «ይህ ቅዠት ነው» ሲባል ደግሞ መሠረት የሌለው ወሬ ነው። የጂሚ ማብራሪያ ሳይነካ ይቀራል። የሚጠፋው አልጋው ብቻ ነው።

ስለ ፊልሙ ለመግቢያችሁ የሚሆን። ስተርጅስ ለሌሎች ዳይሬክተሮች ሲጽፍ የቆየ ሰው ነው፤ ይህ ራሱ ያዘጋጀው ሁለተኛ ፊልሙ ነው። የመጀመሪያውም በዚያው በ1940 ወጥቶ የኦስካርን የመጀመሪያ የወጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። የአሁኑ የተወሰደው ራሱ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከጻፈው «አንድ ሲኒ ቡና» ከሚል የመድረክ ተውኔት ነው። ጂሚን ዲክ ፓወል፣ ቤቲን ኤለን ድሩ፣ ዶክተር ማክስፎርድን ሬይመንድ ዎልበርን ተጫውተዋል። የውድድሩን ዳኞች የሚያስቸግረውን ቢልዶከርን ዊልያም ዴማረስት፤ እሱን ልብ ብላችሁ ተርጉሙት፣ ንግግሩ ሻካራና የሰፈር ይሁን፣ መጽሐፍ አይሽተት። 25,000 ዶላሩን በብር አትመንዝሩ። በዛሬ ዋጋ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ እንደሚሆን መግቢያ ላይ መናገር ይበቃል፤ ሰብታይትሉ ላይ ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ፣ ቼኩም ላይ ይታያልና።

ስለ መብት። ፊልሙን የሠራው ፓራማውንት ነው፤ ነገር ግን ከ1950 በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን የፓራማውንት ፊልሞች በ1958 ኤምሲኤ የተባለው ኩባንያ ገዝቷቸው ዛሬ የዩኒቨርሳል ናቸው። ፈቃድ የሚጠየቀው ከዩኒቨርሳል እንጂ ከፓራማውንት አይደለም። ወደ ፓራማውንት የጻፈ ሰው ሳምንታት ጠብቆ «የእኛ አይደለም» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። በአሜሪካ ሕግ ጥበቃው ከወጣበት 95 ዓመት ስለሆነ እስከ እ.ኤ.አ. 2035 መጨረሻ ይቆያል። መግቢያው ነፃ መሆኑ ፈቃድን አያስቀርም። ደብዳቤው ውስጥ ቀኑን፣ የወንበሩን ብዛት፣ መግቢያ ይከፈል አይከፈል፣ የአማርኛ ጽሑፍ እንደምትጨምሩ ጻፉ፤ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፣ ትርጉምም ፈቃድ ይፈልጋል።

ሰምና ወርቅ፦

ጋሼ፣ ማብራሪያውን በተመለከተ ልክ ነዎት፤ «መደብ» ብቻውን አይሸከመውም። ግን አልጋውን መተው አልችልም። ጂሚ ገንዘቡን አገኘሁ ብሎ ለእናቱ የሚገዛው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ሶፋ ነው፤ መሪ ቃሉ ላይ መኝታ ከሌለ ያ ስጦታ ከየትም ያልመጣ ዕቃ ይሆናል። ልጁ በመሪ ቃሉ የሚለው እናቱ የምትተኛበትን ነው፤ ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚለውጠውም እሱን ነው።

ሁለቱን እናስማማቸው። መሪ ቃሉ «መደቡ ነው» ሆኖ ይቆይ፤ ጂሚ ሲፈታው ግን የእርስዎን ቃል ይዋስ፦

ቡና እንቅልፍ ይነሣል የሚሉት
ቅዠት ነው፤

ከዚያ በቀጣዩ ሰብታይትል፦

የሚነሣው መደቡ ነው።

የላይኛው መስመር ከክፍት ቦታው ጋር 18 ፊደል ነው፣ ይገባል። ፍቺው ሁለት ጊዜ ከመጣ ሁለቱም ጊዜ ይኸው ይሁን። የሚያዳምጠው ሰው ከዚያም በኋላ ካልገባው ደግሞ ፊልሙ የሚፈልገው እሱን ነው።

የጥንት ፊልም ወዳጅ፦

እህቴ፣ ሶፋውን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ እስማማለሁ፤ የእኔን ቃል ከመሪ ቃሉ አውጥታችሁ ማብራሪያው ላይ አድርጉት።

ቮልትና ድምፅ፦

አዳራሹን እኔ ልያዝ። ቆርቆሮ ጣሪያና ሐምሌ ከተባለ መጀመሪያ የሚወሰነው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ በክረምት ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ዶፍ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም፤ ድምፁን በጨመራችሁ ቁጥር ስፒከሩ ይሰነጠቃል እንጂ ንግግሩ አይጠራም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት አድርጉት። 15 ደቂቃ መግቢያ፣ 67 ደቂቃ ፊልም፣ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት አለቃችሁ። ዋጋው የብርሃን ነው፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ድርብ አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ የበሩንም ስንጥቅ። ምሽት ካላችሁ ግን ሬዲዮው የሚናገረውንና ከስክሪኑ ውጭ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ሰብታይትሉ ላይ ጻፉት፤ ፊልሙ ሲጀምር ወሳኙ ነገር በሬዲዮ ነው የሚተላለፈው።

ስክሪን ከሌለ አቡጀዲ ይሠራል። ነጠላውን ከሰቀላችሁት ብርሃኑ ወደ ኋላ ያልፋል፣ ሥዕሉ ይገረጣል፤ ሁለት እጥፍ አድርጉና ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አስደግፉት። ላይና ታች እጥፋት ሰፍታችሁ ቱቦ አስገቡበት፣ የታችኛው ክብደት ይወጥረዋል። ሽብሽብ ከቀረ ሰብታይትሉ ላይ ነው ቀድሞ የሚታየው። ለዚህ ክፍል 2.4 ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ለዚያ ከ3.6 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። ፕሮጀክተሩን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት እንጂ ዘንበል አድርጋችሁ በሜኑ አታቃኑት፤ ያ ማቃኛ ሥዕሉን በስሌት ስለሚያጣምመው የፊደሉ ቀጭን መስመር መሰላል ይሠራል።

ፊልሙ በስፋቱ 1.37 ለ1 ነው፣ ካሬ ይቀርባል። ሰፊ ስክሪን ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል፤ ሥዕሉ ከስፋቱ 77 በመቶውን ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ልክ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ሙሉ አድርገው» ካለ አትስሙት፤ ፊቱ ሁሉ ይወፍራል። ፊደሉ ከኋላ ወንበር እንዲነበብ ስክሪኑ ላይ በሜትር ለኩት፤ ቁመቱ ከ5 ሳንቲሜትር አይነስ።

ድምፁ ሞኖ ነው። ከፕሮጀክተሩ የራሱ ስፒከር አታጫውቱ፤ ደካማ ነው፣ ድምፁም ከተመልካቹ ጀርባ ይመጣል። ሁለት ስፒከር በስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ላይ። ኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ላፕቶፑ ድምፁን በራሱ ወደ ፕሮጀክተሩ ያዞረዋል፤ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ መልሱት፣ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ። ዝቅተኛውን ድምፅ ቀንሱ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በትንሹ ከፍ አድርጉ፤ የንግግሩ ጥራት እዚያ ነው ያለው። «ዝዝዝ» የሚል ጩኸት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ከላፕቶፑ ቻርጀር ነው፤ ነቅላችሁ በባትሪ አጫውቱ፣ 67 ደቂቃ ይችላል።

መብራት። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ድንገት ሲጠፋ ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉ በሙቀቱ ይጎዳል። ባለ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ለፕሮጀክተሩ ብቻ ስጡት። ፊልሙን አያስጨርስም፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያቆያል። ጄኔሬተሩ 2.5 ኪሎቮልት አምፔር ከሆነ ለሁሉም ይበቃል። ከአዳራሹ 15 ሜትር ርቆ ከነፋሱ በታች ይቀመጥ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ተነሥቶ ሦስትና አራት ደቂቃ ሳይቆይ፣ ቮልቱም 220 አካባቢ ሳይረጋ ምንም አትሰኩበት፤ ስታብላይዘር በመካከሉ ይኑር።

የአራት ኪሎ ፊልም ምሽት፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ፊደሉ ወጣ፤ የጎደሉት መስመሮችም ፡ ሆነው ነው የተገኙት። ቅዳሜ 4 ሰዓት ወስነናል፤ መሪ ቃሉም «መደቡ ነው» ሆኗል። አንድ የቀረ አለ። ሰዓቱን የወሰድነው ከሌላ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ፋይል ነው። መጀመሪያው ላይ ይገጥማል፤ 10ኛው ደቂቃ ላይ ግን ጽሑፉ 25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይመጣል፣ ወደ መጨረሻው ከሁለት ደቂቃ በላይ ይቀድማል። በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ብንገፋው መጀመሪያው ይበላሻል።

ፊደል ቆጣሪ፦

አትግፉት። እየጨመረ የሚሄድ መዛነፍ የፍሬም ፍጥነት ልዩነት ነው። ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ ነው፤ የእናንተ ቅጂ 23.976 ነው። በ25 ሲሄድ ፊልሙ በ64 ደቂቃ ገደማ ስለሚያልቅ ጽሑፉ እየቀደመ ይሄዳል። ሰብታይትል ኤዲት ላይ የፍሬም መቀየሪያውን ክፈቱ፣ «ከ» 25፣ «ወደ» 23.976 አድርጉ፤ ሰዓቱ ሁሉ በ1.0427 ይባዛል። ከዚያ ሦስት ቦታ ፈትሹ፦ መጀመሪያ የሬዲዮው ንግግር ላይ፣ መካከል ላይ ዕቃ ሲገዙ፣ መጨረሻ ላይ ቢልዶከር ሲናገር። ሦስቱም ላይ እኩል ግማሽ ሰከንድ ከቀረ ያኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግፋት ትችላላችሁ።

ስትጨርሱ ሰብታይትሉን ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሥዕሉ ላይ አትሙትና ሁለተኛ ቅጂ በፍላሽ ያዙ። የታተመው ቅጂ ፎንት አይፈልግም፤ የአዳራሹ ላፕቶፕ ቢለወጥም «ቋ» «ቋ» ሆና ትወጣለች። ያልታተመውን ግን አትጥፉት፤ ከመታየቱ በፊት ባለው ምሽት ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው የሚያገኘው የፊደል ግድፈት አይጠፋምና።